አንድ ኩላሊት ይዞ ኦፕራሲዮን መግባት፦ አንድ ጥያቄና 26 መልሶች

ጠያቂዋ 36 ዓመቷ ነው። ማዮማ የሚባል የማህፀን ዕጢ አለባት። የወር አበባዋ ከልክ በላይ እየፈሰሰ ደሟን ስለጨረሰው ኦፕራሲዮን ተወስኖላታል፤ ማህፀኗ ሳይወጣ ዕጢው ብቻ ሊነሳ። ለዚያ ዝግጅት አልትራሳውንድ ስትነሳ ነው ግራ ኩላሊቷ እንደሌለ የተነገራት። እስከዛሬ ወገቤን ብላ አታውቅም። ሽንቷ ደህና ነው፣ ግፊት የለባትም፣ ስኳር የለባትም። አልትራሳውንዱን ያነሳት ባለሙያ ወረቀቱን ሰጥቶ ሸኛት። ኦፕራሲዮኑን የሚሠራላት ሐኪም ውጤቱን ይየው አይየው አታውቅም። ቀጠሮዋ ደግሞ ደርሷል።

የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። ማደንዘዣው ያለኝን አንድ ኩላሊት ይጎዳብኛል ወይ? ቀጠሮውን ልሰርዝ? ከዚህ በኋላስ ምን ያህል እኖራለሁ?

ይህን ክር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈውን ጥያቄዋንና በሥሩ የተጻፉትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች የተከታተልኩት በምክንያት ነው። እኔም ባለ አንድ ኩላሊት ነኝ፤ ሌላው ያለው ታላቅ ወንድሜ ጋ ነው። የተባለውን በየቁጥሩ ላውጋችሁ፤ ያልተስማማሁበት ላይም ዝም አልልም።

ቁጥር 1 ረጋ ያለች ሴት ናት። እንኳን ቀድመሽ አወቅሽ ብላ ነው የጀመረችው። ከ1000 ሰው አንዱ ገደማ አንድ ኩላሊት ብቻ ይዞ እንደሚወለድ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ሳያውቁት አርጅተው እንደሚሞቱ ነገረቻት። ቁጥር 2 ይህን የሚያጠናክር ታሪክ ይዞ መጣ። አባቱ በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ለፕሮስቴት ሲመረመሩ ነው አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳላቸው የታወቀው። ዕድሜ ልካቸውን ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ሲነገራቸውም አላመኑም፤ ምርመራው ይደገምልኝ ብለው አስደገሙ።

ቁጥር 3 አንድ አዛውንት ናቸው። ለልጃቸው ኩላሊት ከሰጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የጻፉት ረዘም ይላል፣ ግን በክሩ ውስጥ የመጀመሪያው ውሃ የሚያነሳ ነገር የተባለው እዚያ ላይ ነው። ሰው አንድ ኩላሊት ሲቀር አቅም በግማሽ ይወርዳል ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። የቀረው ኩላሊት ይተልቃል፣ ሥራውንም ይጨምራል። አዲስ ማጣሪያ አያበቅልም፤ በአንድ ኩላሊት ውስጥ ያሉት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ራሳቸው ናቸው እየሰፉ የሚሠሩት። ጤነኛ ሰው ኩላሊት ከሰጠ በኋላ የሚኖረው የማጣራት አቅም ከበፊቱ 70 በመቶ አካባቢ ነው። አንድ ኩላሊት ይዞ የተወለደ ሰው ደግሞ ማካካስ የሚጀምረው ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ነው። ስለዚህ ክሬያቲኒኗ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ቆሻሻ) ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ቢል እንዳትደነግጥ መከሯት። ሐኪም የሚያየው ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ባለበት መቆየቱን ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ቁጥር 4 ሲገባ ነገሩ ከረረ። ሰው አታሞኙ በሚል ቃና ነው የጀመረው። የአክስቱ ልጅ በጠጠር ምክንያት አንድ ኩላሊቱን አስወጥቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ እጥበት ላይ ወደቀ። ከዚያ ተነስቶ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው መጨረሻው ማሽን ነው ብሎ ደመደመ። ሐዘኑ ይገባኛል። ግን ለፈራች ሴት እንዲህ ብሎ መጻፍ ደግ አይደለም።

ቁጥር 5 አልተወውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው አንድ ኩላሊታቸውን ያጡ 62 የአሜሪካ ወታደሮችን ያነሳል። ከ45 ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲታዩ የሞት መጠናቸው ሁለት ኩላሊት ካላቸው እኩዮቻቸው አልበለጠም። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ይህን ካለ በኋላ ቁጥር 4ን አንድ ነገር ጠየቀው፦ የአክስትህ ልጅ ስኳር ወይም ግፊት ነበረበት? መልስ አልመጣም፣ ያኔ።

ቁጥር 6 ሁለቱንም ገሰጸች። 62 ሰው ትንሽ ነው፤ የአንድ ዘመድ ታሪክ ደግሞ ከዚያም ያንሳል ባይ ናት። እሷ ያመጣችው እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን፣ ከ96,000 በላይ አሜሪካውያን ለጋሾችን የያዘውን ጥናት ነው። በዚያ ስሌት መሠረት ከ10,000 ለጋሾች ወደ 90ዎቹ በዕድሜ ዘመናቸው ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ሊደክም ይችላል። እንደ ለጋሽ ተመርምረው ጤነኛ ከሆኑ፣ ግን ካልሰጡ ሰዎች መካከል ደግሞ ከ10,000 ወደ 14 ነው። ምርመራ ያላለፈው አጠቃላይ ሕዝብ ጋ ሲመጣ ቁጥሩ 326 ይደርሳል። አደጋው አለ፣ አነስተኛ ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር ይቻላል አለች።

ከእሷ ጋር ነኝ። ከመስጠቴ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ቁጭ አድርገው አስረድተውኛል፤ ሰምቼ ነው የፈረምኩት። ሰውን የሚያስፈራው ቁጥሩ አይደለም፣ ሲደበቅበት ነው። ምንም አይልሽም ያሉትም፣ አለቀልሽ ያለውም የሚያውቁትን ግማሹን ብቻ ነው የነገሯት።

ግን ልብ በሉ፣ እዚህ ድረስ ስድስት ሰው ጽፎ ስለ ኦፕራሲዮኑ አንድም ቃል አልተባለም። ሴትየዋ ቀጠሮ ይዛ ቁጭ ብላለች!

ያንን ያነሳው ቁጥር 7 ነው፣ የማደንዘዣ ባለሙያ። ክሩን ያቃናው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ኩላሊትን በኦፕራሲዮን ጊዜ የሚጎዳው በአብዛኛው የማደንዘዣው መድኃኒት ራሱ አይደለም። ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት እጅ አንዱ፣ አንዳንዴም ከአራት እጅ አንዱ የሚሄደው ወደ ኩላሊት ነው። ሰው ሲደነዝዝ ግፊቱ ይወርዳል። ደም ሲፈሰው ይበልጥ ይወርዳል። ሳይበላ ሳይጠጣ አድሮ ከሆነ ሰውነቱ ቀድሞም ደርቋል። እነዚህ ሲደራረቡ ኩላሊት ይራባል። ለዚህ ነው አማካይ ግፊቱ (በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለው) ከ65 እንዳይወርድ የሚጠበቀው፤ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው ላይ ደግሞ ጠበቅ ተደርጎ።

ዝርዝሩን ወደድኩለት። ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ከገባ የሽንት ከረጢቱ በየሰዓቱ ይታያል። በአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር በሰዓት መውረድ አለበት፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ሲያንስ ለምን ብሎ መጠየቅ የባለሙያው ድርሻ ነው። ሐኪሞቹ ካልከለከሏት በቀር ንጹህ ውሃ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው መጠጣት እንደምትችልም ነገራት፤ ብዙ ሰው ከማታ ጀምሮ ጠብታ ሳይቀምስ ደርቆ ይመጣል። ደሟ ያነሰ ከሆነ ደግሞ አስቀድማ አይረን ጀምራ ደሟን ብታስተካክል ይሻላል፤ ደም ያነሰው ሰው ትንሽ ሲፈሰውም ይጎዳል። ክሬያቲኒኗ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይለካ፣ በኋላም ይደገም። ቀጠሮውን ስለመሰረዝ የሰጠው መልስ አጭር ነው፦ አትሰርዥ፣ ንገሪ።

ቁጥር 8 ስለ ማስታገሻ ጠየቀ። ቁጥር 9፣ ፋርማሲስት ናት፣ መለሰችለት። ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የእነሱ ዘመዶች ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ክፍት አድርጎ የሚያቆየውን ንጥረ ነገር ይከለክላሉ። ጤነኛ ሰው ውሃ ጠጥቶ ለአንድ ሁለት ቀን ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ኦፕራሲዮን ማግስት ግን ግፊቱ ዝቅ ብሏል፣ ሰውነት ደርቋል፤ መጥፎው ሰዓት እሱ ነው። በተለይ እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ለሚወስድ ሰው እነዚህ ሲጨመሩበት ሦስቱ ተባብረው ኩላሊቱን ሊያቆሙት ይችላሉ። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ለኩላሊት የተሻለ ነው። ከፀረ ተሕዋስያን ደግሞ ጄንታማይሲን ሲታዘዝ አንድ ኩላሊት ነው ያለኝ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ሌላ አማራጭ ይፈለግለታል፣ ወይም መጠኑ በደም እየተለካ ይሰጣል።

ቁጥር 10 እኔ ነኝ። የጻፍኩት ኩላሊት ከሰጠሁ በኋላ ለሄርንያ ስለተኛሁበት ጊዜ ነው። ካርዴ ላይ አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳለኝ ተጽፏል። ሰርጀኑ ያውቃል፣ ያደነዘዘኝም ያውቃል። ማታ ላይ ሕመሙ ሲበረታብኝ ተረኛዋ ነርስ መርፌ ይዛ መጣች። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ዳይክሎፌናክ ነው አለችኝ፣ ክንዴን በጥጥ እየጠራረገች። ኩላሊቴ አንድ ነው ስላት እጇ ቆመ፤ ፋይሉን ገልጣ ካየች በኋላ መርፌውን ይዛ ተመለሰች፣ ሐኪሙንም ጠርታ በሌላ አስቀየረችው። አልወቅሳትም፤ የተጻፈው በፊተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ትእዛዙ የወጣው ደግሞ ለሁሉም በሚታዘዘው ቅጽ ላይ ነው። ከቀን ተረኛ ወደ ማታ ተረኛ ሲተላለፍ ወሬው መንገድ ላይ ቀርቷል። ለጠያቂዋ የነገርኳትም ይህንኑ ነው፦ አንዴ ተናግሬያለሁ ብለሽ አትተኚ፣ እያንዳንዱን መርፌ ምንድነው በይ፤ አንቺ የማትችይ ከሆነ አጠገብሽ የሚያድረው አስታማሚ ይጠይቅልሽ።

ከዚያ ቁጥር 11 መጣ። ኩላሊት የሚያጥብ ቅጠል አለ፣ ኦፕራሲዮኑም ቢሆን ላያስፈልግ ይችላል አለ። ዋጋና አድራሻ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረው። ቁጥር 12 እሳት ለብሶ ተነሳ። ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቅጠል ጠጥተው የሚመጡ ሰዎችን ክሬያቲኒን የሚለካው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ የሆነውን አስታወሰን፦ ለማቅጠኛ ተብሎ በተሰጠ ኪኒን ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ዕፅ ተቀላቅሎ ከ100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተበላሽቷል፤ ከፊሎቹም በኋላ የሽንት መንገድ ካንሰር ይዟቸዋል። እነሱ ሁለት ኩላሊት ነበራቸው። ቁጥር 11 በጄ አላለም፣ ቁጥር 13 ሆኖ ተመልሶ ዶክተሮች ባሕል ይንቃሉ ብሎ ተከራከረ። ይህ ንቀት አይደለም። ውስጡ ያለው ያልተለካ፣ መጠኑ ያልታወቀ ነገርን ምትክ በሌለው ኩላሊት ላይ አትሞክሩ ነው የተባለው። እዚህ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም።

ቁጥር 14 የሴቶች ሐኪም ናት። እኔ ከክሩ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ይህ ነው እላለሁ። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ በማህፀን አጠገብ ነው የሚያልፈው፤ ከማህፀን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ፣ ከማህፀን የደም ሥር በታች። ትልቅ ማዮማ፣ በተለይ ወደ ጎን ወይም ወደ ማህፀን ጫፍ ያደገ ከሆነ፣ ቱቦውን ከቦታው ይገፋዋል። ሰርጀኑ ደም ለማቆም ሲቋጥር ቱቦውንም አብሮ ሊቋጥረው፣ ወይም ሊቆርጠው ይችላል። የሚከሰተው አልፎ አልፎ ነው። ሁለት ኩላሊት ያላት ሴት ላይ ሲደርስ ሌላው ኩላሊት ሥራውን ይሸፍናል፤ ሳይታወቅ ሳምንታት ሊያልፉም ይችላሉ። አንድ ብቻ ያላት ሴት ላይ ግን ሽንት ያን ሰዓት ቀጥ ይላል። ስለዚህ ሰርጀኑ ሳያውቅ መግባት የለበትም። ካወቀ ቱቦውን አስቀድሞ ፈልጎ ለይቶ ያያል። ካስፈለገም ውስጡ ስቴንት (ቱቦውን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ቀጭን ማስገቢያ) ይገባል፣ የኩላሊትና ሽንት ሰርጀንም በአቅራቢያ ይሆናል።

ሁለት ጥያቄም ጠየቀቻት። አንደኛው፦ ግራ ኩላሊቷ በቦታው የለም ነው የተባለው፣ ወይስ ሌላ ቦታም ተፈልጎ ታጥቷል? ኩላሊት አንዳንዴ ወደ ላይ ሳይወጣ ዳሌ ውስጥ ይቀራል፤ እዚያ ላይ እንደ ዕጢ ሊታይ ይችላል፣ ሰርጀን ዕጢ መስሎት ቢነካው ጉድ ነው። ሁለተኛው፦ የማህፀንሽን ቅርጽ ያየልሽ አለ? ጽንስ ውስጥ ኩላሊትና ማህፀን በአንድ ሰሞን፣ በጎረቤት ሆነው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አንድ ወገን ኩላሊት የሌላት ሴት ማህፀኗ በግማሽ ብቻ ያደገ ወይም ለሁለት የተከፈለ ሊሆን ይችላል። ወንዶችም ላይ በዚያው ወገን የዘር ቱቦ ላይኖር ይችላል። ይህን ሰርጀኑ ሆድ ከከፈተ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ በኤምአርአይ ቢያውቀው ነው የሚሻለው።

ቁጥር 15 ይህን ሲያነብ የራሱ ትዝ አለው። ባለ አንድ ኩላሊት ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ሽንቱ ጭራሽ ቆመ። ሕመሙ እስከዚህም አልነበረም፣ ምሽት ድረስ ጠበቀ። ጠጠር ቱቦውን ዘግቶት ነው። በዚያው ሌሊት ስቴንት ገብቶለት ዳነ። እዚህ ላይ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው ሽንቱ ከቆመ እስኪነጋ አይጠብቅም። ትኩሳት ካለበት ደግሞ ጭራሽ። የተዘጋና የተመረዘ ኩላሊት ቶሎ ካልተከፈተለት ሕይወት ይቀጥፋል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ተበተነ። ቁጥር 16 ሲቲ ስካን ላይ የሚወጋውን ቀለም በምንም ዓይነት እንዳትቀበል አስጠነቀቃት። ቁጥር 17 ራጅ ክፍል ነው የሚሠራው፣ በጨዋ ደንብ አረመው። ድሮ የነበረው ፍርሃት ከልክ ያለፈ ነበር። አሁን ይበልጥ የሚጠነቀቁለት የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ለወረደ ወይም ኩላሊቱ በድንገት ለተጎዳ ሰው ነው። አንድ ኩላሊት መኖሩ ብቻውን ክልከላ አይደለም። የሚያስፈልግ ምርመራን በፍርሃት መተው ራሱ ሰው ይገድላል።

ቁጥር 18 እግር ኳስ የሚጫወት ልጅ አለው፣ አንድ ኩላሊት ይዞ የተወለደ። ይከልክለው? ቁጥር 19 ያቀረበችው ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ነው። በስፖርት ከሚደርስ የኩላሊት ጉዳት ብስክሌት ከኳስ ይበልጣል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም አንድ ኩላሊት ያለውን ልጅ በደፈናው አይከለክልም፤ እንደ ልጁና እንደ ስፖርቱ በየግል ይታይ ነው የሚለው። ደግሞ በዚያው ጂም ለሚሄዱትም ተናገረች፦ ክሬያቲን ዱቄት የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ሳይጎዳ ክሬያቲኒኑ ከፍ ሊል ስለሚችል ከምርመራ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ሲያጠራጥር ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ የደም ምርመራ አለ። የፕሮቲን ዱቄት በላይ በላዩ ማግበስበስ ግን ለአንድ ኩላሊት ሸክም ነው።

ቁጥር 20 ታሪክ ወዳድ ነው። ከርዕሱ ወጣ ቢልም ጥሩ ወጣ። ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር መቻሉ የታወቀው እንዴት ነው? ጉስታቭ ሲሞን የሚባል ጀርመናዊ ሰርጀን እ.ኤ.አ. በ1869 ሃይደልበርግ ውስጥ አስቀድሞ በውሾች ላይ ሞክሮ፣ ከሽንት ቱቦዋ ቀዳዳ ሽንት እየፈሰሰ ያስቸገራትን ሴት አንድ ኩላሊቷን አወጣላት። ዳነች። ከዚያ በ85 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954፣ ቦስተን ላይ ጆሴፍ መሬይና ባልደረቦቹ ከአንድ መንታ ወንድም ወስደው ለሌላው ተከሉ። መሬይ እ.ኤ.አ. በ1990 ኖቤል ተሸለመ። ይህን ሳነብ ወንድሜን አሰብኩ፤ ያቺ ሴት ባትድን ኖሮ ኩላሊት ስጥ ብሎ ለመጠየቅ የሚደፍር ሐኪም መች ይገኝ ነበር።

ቁጥር 21 ወደ ጠያቂዋ መለሰን። ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ አላት። በእርግዝና ላይ ያለው ጥሩ መረጃ የለጋሾች ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የካናዳ ጥናት በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ደም ግፊት ለጋሾቹን 11 በመቶ፣ ያልሰጡትን 5 በመቶ ይዟል። አብዛኞቹ በሰላም ወልደዋል። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ግፊትና ሽንት ይታይላት፣ አዋላጆቿም ይወቁ ነው ምክሩ።

ቁጥር 22 ራሷ ጠያቂዋ ናት። ተመለሰች! ወረቀቱን ይዛ ሰርጀኑ ጋ ሄዳለች። አላየውም ነበር። አመስግኗት ወዲያው ኤምአርአይ አዘዘላት። ዳሌዋ ውስጥ የተደበቀ ኩላሊት የለም፤ ማህፀኗ ግን የተሠራው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፣ ልክ ቁጥር 14 እንደጠረጠረችው። ማዮማው የተቀመጠው በዚያው በቀኝ ነው፣ ቱቦውም ያለው እዚያው ነው። ቀጠሮው አልተሰረዘም፣ ተገፋ። አይረን ጀምራለች፣ የኩላሊት ሐኪም አይቷታል፣ ኦፕራሲዮኑ ላይም የሽንት ሰርጀን ሊገኝ ተስማምተዋል። መልሳችሁን ሳነብ አለቀስኩ ብላ ነው የጨረሰችው፤ እኔም ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ።

ቁጥር 23 ማን መሰላችሁ? ቁጥር 4። ቃናው ሌላ ነው። የአክስቱ ልጅ ስኳር ነበረበት፣ ግፊትም፤ አንዱ ኩላሊት ከወጣ በኋላ ደህና ነኝ ብሎ ምርመራውን ተወው። አሁን የሚጠይቀው ለራሱ ነው፣ ምክንያቱም እሱም ስኳር ጀምሮታል። በየዓመቱ ምን ምን ይታይ?

ቁጥር 24፣ ነርስ ናት፣ ሳትወቅሰው መለሰችለት። ሦስት ነገር፦ ደም ግፊት፣ ክሬያቲኒን ከነማጣራት አቅሙ፣ ሽንት ውስጥ የሚወጣ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን። ግፊቱ ከ130 በ80 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ወይም በሽንት የሚወጣው አልቡሚን ለአንድ ግራም ክሬያቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም ካለፈ የኩላሊት ሐኪም ይየው። ሦስተኛውን፣ የሽንት አልቡሚኑን፣ ሰው ይረሳዋል አለች፤ ሆኖም ኩላሊት ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም አይብለጥ፣ ሲጋራ ይቅር። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩን መቆጣጠር ከዚህ ሁሉ በፊት ይመጣል።

ቁጥር 25 ስኮርታ የሌለው መኪናም ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ሾፌሩ ጎማውን ካየ፣ አለና ወዲያው ውሃ በቀን 5 ሊትር ጠጡ ብሎ አበላሸው። ይህ አይሆንም። ጥማትን ተከትሎ መጠጣት፣ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ እንዲሆን ማድረግ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጠጠር ያለበት ሰው ይጨምር፤ ልቡ የደከመ ሰው ግን ሐኪሙ በነገረው ልክ ብቻ ይጠጣ። አንድ ኩላሊት አለኝ ብሎ ራስን በውሃ ማጥለቅለቅ ደም ውስጥ ያለውን ጨው ከልክ በታች ያወርዳል።

የመጨረሻው ቁጥር 26 ነው፣ አጭር። የጠያቂዋ እህት ነኝ፣ እኔም ልመርመር ወይ ነው ጥያቄዋ። አዎ ተመርመሪ፣ እህቴ። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ነገር ይደጋገማል፣ አልትራሳውንድ ደግሞ አያምም። ስትሄጂ ኩላሊቶችሽን ብቻ ሳይሆን ማህፀንሽንም እንዲያዩልሽ ንገሪያቸው፤ ወረቀቱንም ራስሽ ለሐኪምሽ አድርሺው።